ፒክአፗ አትሸጥም

ብዙነህ ዓይኑን ካጣ ወዲህ የገዛ ፒክአፑ ስትነሳ መስማት አይወድም ነበር። ጠዋት ጠዋት አወቀ የሚባለው ቅጥር ሾፌር መጥቶ ቁልፉን ሲያዞር፣ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሚስቱ ሸዋረግ ይህን ታያለች።

መካነ ሰላም ውስጥ ብዙነህን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ወደ ከላላ ገበያ፣ ሲያስፈልግም እስከ ወረኢሉ ድረስ ሰውና እህል ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ በጭቃ ውስጥ ያልሄደበት ቀበሌ የለም። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ግን ቀስ ብሎ መጀመሪያ የጎን የጎኑን፣ ቀጥሎ የፊት የፊቱን ወሰደበት። ደሴ ሐኪም ቤት በደረሱ ጊዜ ዘግይታችኋል ተባሉ።

ሸዋረግ ባሏን ለሕክምና ይዛ ስትመላለስ ደሴ አክስቷ ቤት ከርማ ነበር። በዚያው ሥልጠና ገብታ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ስትነግረው ብዙነህ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ለምንሽ ነው?» አላት።

«ለመንዳት ነዋ።»

ብዙነህ በሳምንቱ ታናሽ ወንድሙን ይሄነውን ጠርቶ ሾፌር እንዲፈልግለት ነገረው፤ አወቀ የተቀጠረው በዚህ ነው። መንጃ ፈቃዷም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ጥቅምት ላይ ፒክአፗ ታመመች። በቆመችበት ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ስትይዝ ጉልበቷ ይከዳታል። ሾፌሮች እንዲህ ሲሆን «ሚስ ታደርጋለች» ይላሉ። ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ሥራውን ይተውና የቀሩት ሦስቱ እየተንገዳገዱ ይጎትታሉ። አወቀ አንድ ቀን ተሳፋሪውን ዳገት ላይ አውርዶ በእግር አስወጥቶ ሲያበቃ፣ ማታውኑ ቁልፉን ለሸዋረግ አስረክቦ ሌላ መኪና ላይ ተቀጠረ።

ይሄነው የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ አለው። ለወንድሙ ክፉ አይደለም፤ ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ እህል ያስፈጭለታል፣ ሐኪም ቤትም አብሮት ሄዷል። ብቻ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። በማግስቱ አንድ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ ሌላ ሥራ ይጠብቀው ስለነበር ሞተሩ ሲንገጫገጭ ትንሽ አዳምጦ፣ ኮፈኑን መልሶ ዘጋው።

«ቴስታዋ ሄዷል» አለ፤ የሞተሩን የላይ ክዳን ማለቱ ነው። «መክፈት ይቻላል፤ ግን ለዚህች አሮጌ ምን አደከማችሁ? ለዕቃ የሚፈልጋት አይጠፋም።»

ይሄነው ገዢ ለማግኘት ብዙ አልፈጀበትም። ወረኢሉ የሚኖር አብዱራህማን የሚባል ሰው ፈታትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ፈለጋት። ብዙነህም ሲነገረው «ውሰዷት» አለ።

ሸዋረግ እጇን እያደረቀች ከጓዳ ወጣች።

«ማንም አይወስዳትም።»

ይሄነው ሳቅ አለ። «እታለም፣ መካኒኩ እኮ አይቷታል።»

«አላያትም፤ ሰማት እንጂ። እሱንም በጥድፊያ።»

«ታዲያ አንቺ ልታዪያት ነው?»

«አዎ፣ እኔ ላያት ነው።»

«ሸዋ» አለ ብዙነህ ከአልጋው፣ «ተይው።»

«አልተውም። ስትሸጥ አንተ ምን ልትሆን ነው? ወንድምህ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ልትውል? እኔስ ከሱቁ ጨውና ስኳር በዱቤ ልለምን? አልተውም አልኩ።»

ይሄነው ፊቱ ቀላ። ገዢው ከነገ ወዲያ ጠዋት እንደሚመጣ ተናግሮ ወጣ።

ሸዋረግ መካኒክ አይደለችም። ነገር ግን በትዳር በቆየችባቸው ዓመታት ብዙነህ ፒክአፗን ግቢ ውስጥ ሲፈታ ባትሪ ያበራችለት፣ መፍቻ ያቀበለችው፣ የወደቀ ብሎን በቀጭን ጣቶቿ ከሞተሩ ሥር ያወጣችለት እሷ ናት። የዕቃውን ስም ሁሉ ታውቃለች። ምኑ ከምኑ እንደሚያያዝ ግን አንዳንዱን ታውቃለች፣ አንዳንዱን አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍታ በዱላ ደገፈችው። የካንዴላ መፍቻውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣችና ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሱትን አራቱንም ካንዴላዎች ፈታች። ሦስቱ ጫፋቸው ደረቅ፣ ቡናማ ነው። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ የነበረው ግን ጥቁር ነው፤ ቤንዚን አርሶታል። «ይኸው፣ ቆሽሾ ነው!» አለች ለራሷ። በሽቦ ብሩሽ ፈትጋ፣ ደረቅ ጨርቅ ላይ ጠርጋ መለሰችው። አስነሳቻት። ፒክአፗ እንደ ቅድሙ ተንቀጠቀጠች።

«ምን አደረግሽ?» ብሎ ብዙነህ ይጠይቃታል ብላ ጠበቀች። ሳይጠይቃት ሲቀር በር ላይ ቆማ፦

«ካንዴላዎቹን አጽድቻለሁ፤ አልተሻላትም። ቤንዚኑ ይሆን?» አለችው።

ብዙነህ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው።

«እሺ፤ አትንገረኝ።»

ቤንዚን ከማደያ ከጠፋ ከርሟል። የሚገኘው በየሰው ቤት በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ሸዋረግ የቤንዚን ቱቦውን ፈትታ በብርጭቆ ቀዳችና ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ውኃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ስትመጣ ስትሄድ እያየችው አረፈደች። ብርጭቆው እስከ ታች ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ ቀረ። እሱም አይደለም ማለት ነው። ሴት ጎረቤቶቿ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩዋታል። አንዷ «ኧረ ሸዋዬ፣ ልብስሽ!» አለቻት። ልብሷ በእርግጥም ከጉልበቷ እስከ ደረቷ ግራሶ ሆኗል። «ይታጠባል» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ብዙነህ ድሮ ያደርገው የነበረ ነገር ትዝ አላት። ሞተሩ እየሠራ የየካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅል ነበር። ደህና የሚሠራው ሲነቀል ሞተሩ ይብስበታል። የማይሠራው ሲነቀል ግን ሞተሩ ምንም አይለወጥም፤ ድሮም አይሠራም ነበራ። ሸዋረግ ሞተሩን አስነስታ ሄደችና የመጀመሪያውን ገመድ ያዘች። እስከ ክርኗ ድረስ ነዘራት። ጮኻ ወደ ኋላ ዘለለች፤ ጭንቅላቷም ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ።

ከቤት ውስጥ ድምፅ መጣ። «በባዶ እጅሽ ያዝሽው?»

«አዎ!»

«ጎማ የለም?»

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ሸዋረግ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ፈልጋ እጇ ላይ ጠመጠመችና ደገመችው። የመጀመሪያውን ስትነቅል ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ፤ መለሰችው። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውን ነቀለች። ምንም ለውጥ የለም፤ ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው ድምፅ። አራተኛውን ስትነቅል እንደገና ሞተሩ ተንጠራወዘ። ሸዋረግ ቀጥ ብላ ቆመች። ሦስተኛው ነው።

የሦስተኛውን ካንዴላ ከመጀመሪያው ጋር አለዋወጠችው። ካንዴላው ከሆነ በሽታው አብሮት ወደ መጀመሪያው መሄድ አለበት። በሽታው ግን ከሦስተኛው ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ካንዴላው አይደለም። መካኒኩ እንዳለው ቴስታው ይሆን? ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ኮፈኑን ዘግታ ገባችና እጇን በኦሞ ስትታጠብ፣ ብዙነህ፦

«ስንተኛው ነው?» አላት።

«ሦስተኛው።»

ራሱን ነቀነቀ። እሷም ምክር አልለመነችውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገዢው ሳይመጣ ሽማግሌዎች ቀድመው መጡ። ይሄነው ነው የላካቸው፤ ራሱም ከኋላቸው ነበር። አንደኛው የሸዋረግ አባት መሪጌታ ወልደሩፋኤል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለደብሩ ተማሪዎች ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ዛሬም ያልደከመ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታቸው ጋሼ ሀምዱ ናቸው፤ በሰፈሩ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ የሚጠራቸው ሽማግሌ። ሸዋረግ እጇ ግራሶ ስለሆነ ሁለቱንም ወደ ኋላዋ አጣምራ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ለጋሼ ሀምዱም የእጇን አንጓ ዘረጋችላቸው። አግዳሚው ላይ አስቀምጣቸው ወደ ሞተሯ ተመለሰች።

«ልጄ፣ ተቀመጭ እንጂ» አሉ መሪጌታ።

«ይናገሩ አባቴ፣ ቆሜ እሰማለሁ።»

«ባልሽ ትሸጥ ብሏል። የባልሽ ወንድም ገዢ አምጥቷል። አንቺ እምቢ ብለሽ ወንድማማች ማጣላት ምን ይባላል?»

«ባሌ ትሸጥ ያለው ተስፋ ስለቆረጠ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ትሸጥ ቢል እኔ መሸጥ አለብኝ?»

«ማንስ ይነዳታል?» አለ ይሄነው። «አወቀ ሄደ። ሌላ ሾፌር እኔ አልፈልግላችሁም።»

«እኔ እነዳታለሁ።»

ይሄነው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? በከላላ መንገድ! ሚስቱ እየነዳች እሱ ጎኗ ሊቀመጥ! የሰው መሳቂያ ልታደርገን ነው።»

«መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የሳቀ ሰው ደግሞ ገበያ መሄጃ ሲያጣ ይሳፈራል።»

ጋሼ ሀምዱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«ተበላሽታለች አይደል የተባለው ልጄ? የማትሄድ መኪና ላይ ይህ ሁሉ እልህ ምንድን ነው?»

«ቴስታዋ ሄዷል ነው የተባለው። ቴስታዋ መሄድ አለመሄዱን አሁን እዚሁ ፊታችሁ አየዋለሁ። ሄዶ ከሆነ ቁልፉን እኔው ራሴ ለይሄነው እሰጠዋለሁ። ካልሄደ ግን ዳግመኛ ስለ መሸጥ የሚያነሳብኝ ሰው እንዳይኖር።»

አራቱንም ካንዴላዎች ፈትታ ጨርቅ ላይ ደረደረች፤ እሳት እንዳይረጭ ዋናውን ገመድም ነቀለች። የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጣት ተጭኖ ሞተሩ ሲዞር፣ ሲሊንደሩ ደህና ከሆነ አየሩ ጣትን ገፍቶ ይጥላል። ቴስታው ተቃጥሎ ከሆነ ግን አየሩ በሌላ በኩል ስለሚያመልጥ ጣት አይገፋም። ይህን ብዙነህ ሲያደርግ አይታለች፤ ያኔ ቁልፉን የምታዞርለት እሷ ነበረች።

«አንድ ሰው ቁልፉን ያዙርልኝ» አለች።

ማንም አልተነሳም። ጋሼ ሀምዱ ወደ መሪጌታ አዩ፤ መሪጌታ ወደ መሬት። ይሄነው እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ይሄነው፣ ቁልፍ ማዞር እንኳ ያሳፍራል?»

«በዚህ ጨዋታ ውስጥ እኔን አታስገቢኝ።»

ሸዋረግ ልታለቅስ እንደሆነ አወቀች፤ እነሱ ፊት ማልቀሱን ግን አልፈለገችም። ካቻቢቴውን አንስታ ያለ ምክንያት የጠበቀ ብሎን ታጠብቅ ጀመር።

ያኔ በሩ ሲጢጥ አለ። ብዙነህ ጋቢውን ጥሎ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወጣ። ይሄነው ሊይዘው ሮጠ። «ልቀቀኝ» አለው። ግድግዳው ካለቀ በኋላ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ የፒክአፗን ጎን አገኘ። በመዳፉ እየተከተለ በሩ ጋ ደረሰ፤ ከፍቶም ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ማርሹ ነፃ ነው?» አላት።

«ነፃ ነው።»

«ጣትሽን በደንብ ተጫኚው። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ግር፣ ግር እያለ ሲዞር አየሩ የሸዋረግን ጣት ፏ አድርጎ ወረወረው። ሁለተኛው ላይ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አጥብቃ ተጫነችው።

«አዙር!»

ፏ! ጣቷ ተስፈነጠረ።

«ይገፋል!» ብላ ጮኸች። «ከሌሎቹ እኩል ይገፋል!»

«እስቲ» አሉ መሪጌታ ሳይታሰብ። ጭራቸውን አግዳሚው ላይ አኖሩ፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው መጡና የዜማ ምልክት ሲያመለክቱበት የኖሩበትን ጣታቸውን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ አደረጉ። ብዙነህ አዞረ። ጣታቸው ሲስፈነጠር አዛውንቱ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ከዚያ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ይህስ ይተነፍሳል» አሉ። ወደ ይሄነውም ዞሩ። «ሞቷል ያላችሁኝ ይተነፍሳል።»

«ማሻአላህ!» አሉ ጋሼ ሀምዱ።

ይሄነው ግን «ታዲያ ለምን ትንቀጠቀጣለች?» አለ። ጥያቄው እውነት ነበር። ሸዋረግ ካንዴላዎቹን መልሳ፣ ገመዶቹን ሰክታ «አስነሳት» አለች። ፒክአፗ ተነሳች፤ እንደ ትናንቱም ተንገጫገጨች። ይሄነው አንገቱን ነቀነቀ።

ብዙነህ እጁን በመስኮቱ አወጣ። «ዝም በሉ እስቲ ሁላችሁም።»

ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ቀስ ብሎ ወረደና በመዳፉ የፒክአፗን ጎን ተከትሎ ወደ ፊት መጣ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠጋ።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«ትክ፣ ትክ፣ ትክ የሚለው። ከኋላ በኩል፤ ከአየር ማጣሪያው ሥር።»

ሸዋረግ ትንፋሿን ያዘች። ከሞተሩ ጩኸት በታች፣ ጥፍር በጣሳ ላይ እንደሚመታ ያለ ቀጭን ድምፅ አለ። ጎንበስ ብላ አየች። የሦስተኛው ካንዴላ ገመድ ከማጣሪያው ጀርባ ዞሮ የሚሄድበት ቦታ ላይ አንድ ብረት ላይ ተጋድሟል። ሙቀቱ ላስቲኩን አቃጥሎታል። በተቃጠለው በኩል ትንሽ ሰማያዊ እሳት ወደ ብረቱ እየዘለለ ነው፤ ካንዴላው ዘንድ መድረስ የነበረበት እሳት መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው።

ደረቅ እንጨት ከመሬት አነሳችና ገመዱን ከብረቱ ላይ ብድግ አደረገችው።

ሞተሩ ወዲያው ረጋ። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ኮፈኑን የደገፈው ዱላ እንኳ ማንቋረሩን ተወ። እንጨቱን ስትለቀው ተንገጫገጨ። እንደገና ስታነሳው ረጋ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገች፤ እነሱ እንዲሰሙት ብቻ ሳይሆን ለራሷም ደስ ስላላት ነበር።

«ገመዱ ነው» አለ ብዙነህ።

«ቀጥዬ ገመዶቹን ላለዋውጥ ነበር» አለች። «ባትመጣም አገኘው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «ትናንት ሦስተኛው ነው ስትዪኝ እንደምታገኚው አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

ብዙነህ እጁን ሸሚዙ ላይ ጠራረገ። «እንድታገኚው አልፈለግሁም ነበራ» አላት፤ ይህንንም የተናገረው እሷ ብቻ እንድትሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

ጋሼ ሀምዱ ተነሱ። ግቢያቸው ውስጥ ከቆመች የከረመች አሮጌ አውቶሞቢል አለች፤ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉባት። «የሷ ገመድ ይሆን እንደሁ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ ገመዱን ከነላባው ይዘው መጡ። «ጠርጊው ብቻ። አብሽሪ፣ ይሠራል።» ትንሽ ረዘመ እንጂ ልክ ገባ። ሸዋረግ ከብረቱ አርቃ በክር አሰረችው። ሞተሩን ስታስነሳው ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሚኒሞ ላይ ሆኖ የሰው ድምፅ ሳይሸፍን ተንኮሻኮሸ።

ገዢው አብዱራህማን በር ላይ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ቆሞ አዳመጠ።

«ሚስ ታደርጋለች አላላችሁኝም ነበር?» አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ «እንዲህማ ከሆነች አልፈታታትም፤ ራሴ ነው የምነዳት። ከተነጋገርነውም እጨምራለሁ» አለ።

ይሄነው ወደ ወንድሙ ሄደ። «ይኸው፣ ጭራሽ ዋጋዋ ጨመረ። ቃል ሰጥተኸኛል እኮ። ሰውየውን ከወረኢሉ ድረስ ነው ያስመጣሁት።»

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለ ብዙነህ። «የሰጠሁህ ግን ሞተች ስላልከኝ ነው። በሕይወት ያለችውን ደግሞ ቁልፉ ያለበትን ሰው ጠይቅ።»

ሸዋረግ እጇን በመስኮቱ አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ወንድሜ፣ መንገድ አድክመንሃል፤ ይቅርታ» አለችው አብዱራህማንን። «ግባና እህል ቅመስ። ፒክአፗ ግን አትሸጥም።»

አብዱራህማን ቅር አላለውም፤ ገመዱን ጎንበስ ብሎ እያየ «ጥሩ ነው ያሰርሽው» አላት። ይሄነው ግን ነገሩ አልቀለለውም። «ነገ ገደል ስትገባ እኔን እንዳትጠሩኝ!» ብሎ የግቢውን ቆርቆሮ በር በኃይል ዘግቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ወንድሙን ሊጠይቅ ሲመጣ ለሸዋረግ ሰላምታ የሚሰጣት በአፉ ጫፍ ነበር። እሷም ሰላምታውን ትመልስለት ነበር እንጂ ይቅርታ አልጠየቀችውም።

የከላላ ገበያ ቀን ሲደርስ ሸዋረግ ፒክአፗን ጎህ ሲቀድ አሙቃ ወጣች። ብዙነህ ጎኗ ተቀምጧል። ዋናው መንገድ ዳር የሚጠብቁት ገበያተኞች ፒክአፗን አውቀው ጆንያቸውን አነሱ፤ መሪው ላይ ማን እንዳለ ሲያዩ ጆንያውን መልሰው አስቀመጡት። እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሰውዬ «ሌላ መኪና ይመጣል» አለ። ሸዋረግ ሞተሩን ሳታጠፋ ጠበቀች። ፊቷ ግሏል፤ ግን ዞር አላለችም።

የሺእመቤት የምትባል በርበሬ ነጋዴ ከኋላ ተጋፍታ መጣች።

«ምን ትጠብቃላችሁ? የሚመጣው መኪና ክንፍ አለው?» ብላ ጆንያዋን ወደ ላይ ወረወረችው። «እኔ አርፍጄ በርበሬዬን በርካሽ አልሸጥም። ውረጂ የሚለኝ ካለ ይምጣ!» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ወጣች። ሌሎች ሴቶች ተከተሏት። ሌላ መኪና ይመጣል ያለው ሰውዬም መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሊሞላ ሲል፣ ተንጠላጠለ።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ከኋላ ወሬው ቆመ። አወቀ ሰዉን ያወረደበት ቦታ ይህ ነው። ሸዋረግ ነዳጅ ረገጠች።

«ማርሽ ቀንሺ» አላት ብዙነህ።

«ገና ነው።»

«ቀንሺ እያልኩሽ!»

«ብዙነህ፣ ሞተሩን እኔም እሰማዋለሁ።»

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ማርሹን ቀነሰች፤ ፒክአፗ ጭነት በዛብኝ ብላ ሳትነጫነጭ አንዱን ኩርባ፣ ቀጥሎም ሌላውን ወጣችው። አናት ላይ ሲደርሱ የሺእመቤት ከኋላ እልል አለች። ብዙነህ በመስኮቱ ለሚገባው ብርድ ፊቱን ሰጥቶ፦

«ትንሽ ዘግይተሻል» አላት።

«ወጥተናል አይደል?»

«ወጥተናል» አለ።

ከላላ መናኸሪያ ሲገቡ ተራ አስከባሪው ፉጨቱን እየነፋ መጣ። ወጣት ነው፤ ለቦታው አዲስ ስለሆነ አያውቃቸውም። በሸዋረግ በኩል ያለውን መስኮት አልፎ ወደ ብዙነህ ሄደ።

«ሾፌሩ አንተ ነህ? የመመለሻ ተራ ትይዛለህ?»

«ሾፌሯ እሷ ናት።»

ወጣቱ ተራ በተራ አያቸው። «አንተስ ማን ነህ?»

ሸዋረግ መሪውን ጨበጠች። ብዙነህ በሩን ከፍቶ ወረደና ሸሚዙን አስተካከለ።

«እኔ ረዳቷ ነኝ» አለ። «ተራችን ስንተኛ ነው?»

ወጣቱ ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ የብዙነህን ፊት ሲያይ ግን ዋጠው። «ከሰማያዊው ሚኒባስ ኋላ ናችሁ» አላቸው። ቦታው ጠባብ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ሻያቸውን ይዘው ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ያዩዋታል። ሸዋረግ በመጀመሪያው ሙከራ አልገባላትም፤ ወደ ፊት ወጥታ መሪውን ሰብራ በሁለተኛው አስገባችው። አንዱ ሾፌር አጨበጨበ፤ በማሾፍ ይሁን ከልቡ አልለየችም። ግድም አልሰጣት።

ብዙነህ አንድ እጁን የፒክአፗ ጎን ላይ አድርጎ ቆመና ወደ ገበያው በኩል ዞሮ በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«መካነ ሰላም! የመካነ ሰላም! ቦታ አለ፣ ግቡ!»

ዶሮ በዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት መጣች። ብዙነህ እጁን ዘርግቶ ዘንቢሏን ተቀበላት።